እጁን ያወጣ መርዶውን ያድርስ

መቱ፣ ጥቅምት 19 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ ለተከበሩ አቶ ደቅሲሳ፣ የሕዝብ እንደራሴና የጃንጥላ ወሳጅ፤

አካም ጅርታ? እኔ ከዝናቡ በስተቀር ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ስለ ጃንጥላዬ ነው። ሌላ ምንም ጉዳይ የለኝም። ለመስቀል መጥተህ ስትመለስ «አውቶቡሱ ድረስ ብቻ» ብለህ የወሰድከው ጥቁሩ ጃንጥላ፣ እጀታው በሽቦ የተጠገነው፣ አዲስ አበባ ገብቶ ቀርቷል። እናንተ ጋ በጥቅምት ፀሐይ ነው። እዚህ መቱ ግን ሰማዩ የቀን መቁጠሪያ አያነብም። ትናንት ከሱቄ ቤቴ ስደርስ ሚስቴ በየነች ኮቴን እንዴት አድርጋ እንደጨመቀችው ብታይ፣ አንድ መራጭ እንዳጣህ ይገባህ ነበር።

በወልደ የሱስ ልጅ እጅ በላክኸው ብጣሽ ወረቀት «ጋሼ ተቆጥተውብኛል ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። አልተቆጣሁም። ጃንጥላዬን ነው ያልኩት።

ስለ ጃንጥላው ካነሣሁ አይቀር ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ማክሰኞ ዕለት ሱቄ ውስጥ የጠገንኳቸውን ሬዲዮዎች እንደ ልማዴ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከፍቼ እየሞከርኩ ነበር። ዜናው መጣ። ምክር ቤታችሁ ጦርነቱን በሙሉ ድምፅ ደገፈ ተባለ። ቀጥሎ ጭብጨባ። መደርደሪያው ላይ ያሉት ሬዲዮዎች ሁሉ፣ ትልቁም ትንሹም፣ ድምፁ የሚንኮሻኮሸውም ሳይቀር፣ አንድ ላይ አጨበጨቡብኝ። መሀመድ ሰዒድ ከኡካ ለገበያ መጥቶ በራፌ ላይ ቆሞ ነበር።

«ጋሼ አራርሳ፣ ሱቅዎ ውስጥ ሠርግ አለ እንዴ?» አለኝ።

«አለ፤ ሙሽሮቹ ግን ግንባር ናቸው» አልኩት። ሊስቅ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። የሱም ልጅ ሀምዱ እዚያው ነው።

አሁን ልጠይቅህ። ጦርነቱ የተጀመረው በነሐሴ ነው። አብደታዬም የሄደው በነሐሴ ነው፤ ጫማ ማሰር ያስተማርከው የአጎትህ ልጅ። እናንተ ያጨበጨባችሁት በጥቅምት ነው። የሕገ መንግሥቱ መጽሐፍ ወልደ የሱስ ሱቅ ውስጥ ከሻማና ከክብሪት ጎን ይሸጣል፤ ገዝቼዋለሁ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው ደግሞ ምንም አይዘልም። አንቀጽ ሃምሳ አምስት፣ ንዑስ አንቀጽ ዘጠኝ፤ ሚኒስትሮቹ ረቂቅ ያቀርባሉ፣ የጦርነት አዋጅ የሚያውጀው ምክር ቤቱ ነው ይላል። አንድ ሰው ብቻውን ይጀምርና ሌሎቹ ወሬው ሲደርሳቸው ያጨብጭቡ አይልም። ገጹን ገልብጬም ፈልጌያለሁ፤ የለም።

ታዲያ ያ የማክሰኞው ጭብጨባ ምን ነበር? ፈቃድ ነው ወይስ ደረሰኝ?

ያንተስ እጅ ከወጡት መካከል ነበረች? አባትህ ከሞተ ወዲህ ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ብዬ ያሳደግሁት ሰው እጅ ስለሆነች ነው የምጠይቀው።

አብደታ አንድ ጊዜ ጽፎልናል። ብርድ ነው፣ ጓደኞቼ ጥሩ ናቸው፣ ቴፔን ማንም እንዳይነካ ይላል። አልነካሁም።

ጃንጥላዬን ላክ።

አጎትህ አራርሳ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 4 ቀን

ለተወደዱ አጎቴ ለጋሼ አራርሳ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? እትዬ በየነችስ? ወገቧ ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

የጃንጥላው ጥፋት የእኔ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ በደሌን ካለፍን በኋላ ነው እጄ ላይ ያየሁት። ወደ መቱ የሚመጣ የታመነ ሰው ሳገኝ እልካለሁ።

ሁለተኛውን ጥያቄዎን ግን ቶሎ መመለስ ፈራሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። አዎ፣ እጄን አውጥቻለሁ።

ጋሼ፣ ነገሩ በመጽሐፉ ላይ እንደሚነበበው ቀላል አይደለም። በነሐሴ ምክር ቤቱ እረፍት ላይ ነበር። የመጀመሪያው ጥይት የተተኮሰውም ከወዲያ በኩል ነው። ቤት ሲቃጠል ጉባኤ ተጠርቶ፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞ፣ ውሃ ይምጣ አይምጣ ተብሎ አይመከርም። የሠራዊቱ አዛዥ መሪው ናቸው፤ እሱም እርስዎ በገዙት መጽሐፍ ውስጥ አለ። ሊከላከሉልን ግዴታ አለባቸው። እነዚያ መንደሮች ሲደበደቡ ዝም ቢሉ ኖሮ ሌላ ደብዳቤ ይጽፉልኝ ነበር።

ይህን ሁሉ የማምንበት ነው። ግን ልዋሽዎ አልችልም፤ እጄ ስትወጣ ስለዚህ አንዱንም አላሰብኩም። ከፊቴ የተቀመጡት አወጡ፣ የእኔም ወጣች።

አንድ ነገር አለ። ጥቂት አባላት ረቂቅ እያዘጋጁ ነው። ጠላት ከድንበራችን ከተመለሰ በኋላ ሠራዊቱ አልፎ እንዲሄድ የሚፈለግ ከሆነ፣ መሪው አስቀድመው ወደ ምክር ቤቱ ይምጡ፣ ምክንያቱን ያስረዱ፣ በድምፅ ይወሰን የሚል ነው። ስምህን አስገባ ብለውኛል። ቃል አልሰጠሁም። ባስገባ ምን እንደሚከተለኝ አውቃለሁ፤ ባላስገባ ደግሞ እርስዎን አውቅዎታለሁ።

እባክዎ ይህን ለእድሩ አይንገሩ።

የአብደታን የክፍሉን ስም ይላኩልኝ። የማውቀው መኮንን አለ፤ እጠይቃለሁ።

ልጅዎ ደቅሲሳ


መቱ፣ ኅዳር 23 ቀን

ውድ ደቅሲሳ፤

ለእድሩ አልነገርኩም። ለበየነች ብቻ ነው የነገርኩት። እሷ ለእድሩ ነገረች።

ስለሚቃጠለው ቤት የጻፍከውን ወድጄዋለሁ። ተስማምተናል፤ ቤት ሲቃጠል ስብሰባ የለም። ነገር ግን እሳቱ ከጠፋ በኋላ ባልዲውን እንደያዘ የጎረቤት አጥር ለመዝለል የሚንደረደር ሰው ቢኖር፣ «ቆይ፣ ወዴት ነው?» የሚለው ሰው ያስፈልጋል። የረቂቃችሁ ቃል ይኸው ከሆነ ምኑ ነው የሚያስፈራህ? መኪና ይወሰድብኛል ብለህ እንዳትፈራ መኪና የለህም። ወንበር ይወሰድብኛል ካልክ፣ መቱ ወንበር ሞልቷል፤ የሱቄን እሰጥሃለሁ፤ አንድ እግሩ ብቻ ነው የሚወዛወዘው።

እረፍት ላይ ነበርን ላልከው ደግሞ አንቀጽ ሃምሳ ስምንትን አንብብ። በእረፍት ጊዜም አፈ ጉባኤው ስብሰባ ሊጠራ ይችላል ይላል። እኔ ሱቄን ዘግቼ ኖጳ ዘመድ ጥየቃ ስሄድ እንኳ የወፍጮ ቤቱ ሬዲዮ ዝም ካለ በቅሎ ልከው ይጠሩኛል። የልጆቻችን ነገር ከወፍጮ ቤት ሬዲዮ ያነሰ ነው?

አሁን ቀልዱን ላቁም።

የመሀመድ ሰዒድን ሚስት ሳሊሐን ታውቃታለህ፤ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ መጥተው ኡካ የቀሩት። ባለፈው ሳምንት ኡካ ገበያ በርበሬ እየሸጠች ሁለት ሰዎች ከመኪና ወረዱ። «የሀምዱ እናት አንቺ ነሽ?» አሏት። ደብዳቤ ያመጡላት መስሏት እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተነሣች። ሰው በሚዛን እየተከራከረ፣ አህያ እያናፋ፣ እንደቆመች ነገሯት። ሌላም የሚደርሱበት ቤት ስለነበራቸው ቸኩለው ሄዱ። በርበሬው ላይ ነው የወደቀችው። ያነሷት ሴቶች ዓይኗን የሚያቃጥላት በርበሬው ይሁን ሌላው አላወቁም፤ ውሃ ብቻ ያፈሱባት ነበር።

ደቅሲሳ፣ መርዶ እንዴት እንደሚነገር አትረሳም። ሲነጋጋ ነው። ሽማግሌዎቹ አስቀድመው ጎረቤት ቤት ይሰበሰባሉ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጥለቱን ወደ ትከሻቸው ያደርጉታል። ሐዘንተኛው ቤቱ ሳለ፣ እሳቱ ዳር ሳለ፣ የሚደግፈው ሰው ከጎኑ ሳለ በሩ ይንኳኳል። እዚህ አገር ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ኦሮሞውም ወሎዬውም በዚህ አንድ ነን። መርዶ በወረቀት አይላክም፣ ገበያ ላይ አይነገርም። የተናገረውም ሰው ተናግሮ አይሄድም፤ ተቀምጦ አብሮ ያለቅሳል።

እሑድ ለእድር ስንሰበሰብ ወልደ የሱስ፣ መቼም ዳኛችን እሱ ነው፣ «ድንኳኑን ወደ ኡካ እልካለሁ» አለ። ደንባችን ደግሞ ድንኳን ከመቱ ውጪ የሚወጣው በጉባኤው ድምፅ ነው ይላል። ተነሣሁ።

«ዳኛ፣ ብቻህን አትልክም።»

«አራርሳ፣ ለሐዘን እኮ ነው!»

«አውቃለሁ። እጅ ይውጣ።»

«ሁሉም የሚስማማበትን ነገር ምን ያስቆጥርሃል? አንተ ሰውዬ ዝናብ ሳይመታህ አትበርድም!»

«ይመታኛል፤ ጃንጥላዬ አዲስ አበባ ነው» አልኩት።

ሁሉም እጁን አወጣ። እኔም አወጣሁ። ድንኳኑ በዚያው ማታ ኡካ ደረሰ፤ ምንም አልዘገየም። ሰዎቹ ሲነሡ «እንግዲህ አያችሁ፤ ለሸራና ለእንጨት ይህን ያህል ተጠያየቅን» አልኳቸው። ተመልሰው ተቀመጡ። እኔም ልጆቻቸው ዘምተው በተቀመጡት አባቶች ፊት ዝም ማለት ስላልቻልኩ እዚያው አንድ አንቀጽ አረቀቅሁ። እነሆ፤

«ለጦርነት እጁን ያወጣ የምክር ቤት አባል፣ ወይም ምክር ቤቱን ሳይጠይቅ ያዘዘ መሪ፣ ለሚሞተው ለእያንዳንዱ ወታደር መርዶውን ራሱ፣ ሲነጋጋ፣ ቤት ድረስ ሄዶ ያደርሳል። ተቀምጦም ያለቅሳል። ውክልና አይፈቀድም።»

«መኪናስ?» አለ ወልደ የሱስ።

«ጭቃው እስኪጀምር ይፈቀዳል።»

«ጃንጥላስ?» አለች በየነች ከሴቶቹ በኩል። ሚስቴ በእኔ ላይ ስትሆን ፈጣን ናት።

«ይያዝ፤ ግን አይዘረጋም» አልኩ። «መርዶ ይዞ የሚመጣ ሰው ከሐዘንተኛው እኩል ይርጠብ።»

ያን ጊዜ ሳቁ። በእጅ ድምፅ አጸደቅነው። ስለዚህ በመቱ የሸዋ በር እድር ሕግ ሆኗል፤ የቀራችሁት እናንተ ናችሁ። ለጓደኞችህ አንብብላቸው።

የአብደታ የክፍሉ ስም ከወረቀቱ ጀርባ ተጽፏል። ስምህንም አስገባ።

አጎትህ አራርሳ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን

ለተወደዱ ጋሼ አራርሳ፤

የሳሊሐን ነገር ካነበብኩ በኋላ ምሳ አልበላሁም። ለጋሽ መሀመድ ሰዒድ ለብቻው ጽፌያለሁ፤ ምን ብዬ እንደጻፍኩ ግን አላስታውስም።

አዎ፣ ስሜ ገብቷል። «ማን ገፋፋህ?» ብለው ለሚጠይቁኝ «ጃንጥላ የወሰድኩበት ሰው» እላቸዋለሁ።

አንቀጽዎን ሻይ ቤታችን ውስጥ አነበብኩላቸው። ጃንጥላው ጋ ስደርስ ሁሉም ሳቁ። አንዲት ከደቡብ የመጡ አሮጊት አባል ብቻ አልሳቁም። «ድገመው እስቲ» አሉኝ። ደገምኩት። «እኔ ከሁለት ወር በፊት እጄን አውጥቻለሁ» አሉና ሻያቸውን ትተው ሄዱ። በማግስቱ ረቂቁ ላይ ፈረሙ።

ረቂቁ ግን ለውይይት አልቀረበም። ለቋሚ ኮሚቴ ተመርቷል። ኮሚቴው መቼ እንደሚሰበሰብ ስጠይቅ «ሲመቻች» ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ ምሳ ስበላ ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶውን ይውላል። የሚወዛወዘውን ወንበርዎን አይሽጡብኝ።

ስለ አብደታ ያገኘሁት ይህን ብቻ ነው፤ ክፍላቸው ቦታ ቀይሯል። ወዴት እንደሆነ መኮንኑ አልነገረኝም። ጤንነቱን ጠይቄ «ደህና ይሆናል» አለኝ። ከዚህ በላይ ባውቅ እጽፍልዎ ነበር።

እትዬ በየነችን እጅ ንሡልኝ።

ልጅዎ ደቅሲሳ


መቱ፣ ጥር 17 ቀን

ደቅሲሳ፤

ስምህን በማስገባትህ የጃንጥላውን ወለድ ምሬሃለሁ። ዋናውን ግን አልማርኩህም።

«ሲመቻች» የሚለውን ቃል ለሰማንያ ዓመቱ ጎረቤታችን ብነግረው «እኔም የምሞተው ሲመቻች ነው» አለኝ። አሁን ስማኝ። ሬዲዮ ውስጥ ፊውዝ የምትባል ቀጭን ክር አለች። ኃይል ሲበዛ እሷ ትቃጠላለች፣ ሬዲዮው ይተርፋል። ሰው ፊውዙ በተቃጠለ ቁጥር ይሰለቸውና አውጥቶ ምስማር ይከትበታል። ሬዲዮው በደንብ ይናገራል፤ እንዲያውም አያቋርጥም፣ ባለቤቱ ደስ ይለዋል። ከዚያ አንድ ቀን ኃይሉ ይበዛል፣ እሱም አመድ ይዞልኝ ይመጣል፤ «ጋሼ፣ ትናንት እኮ ደህና ነበር!» እያለ። አንቀጽ ሃምሳ አምስት ፊውዝ ነበረች። አውጥታችሁ ኮሚቴ ከተታችሁበት።

ስለ ፊውዝ ካወራሁ አይቀር የሠራሁትን ጥፋት ከሌላ ሰው ከምትሰማ ከእኔ ስማ። የቀበሌ ሰዎች ለጦርነቱ ድጋፍ ሰልፍ የተዘጋጀ የድምፅ ማጉያ ለጥገና አምጥተውልኝ ነበር። ጠገንኩት። ብቻ ፊውዟን ከሚገባው በላይ ቀጭን አደረግኋት። በቀስታ ለሚናገር ሰው ይሠራል፤ የጮኸ እንደሆነ ቀጥ ይላል። በሰልፉ ቀን አንዱ ተናጋሪ «እስከ መጨረሻው ድረስ…» ብሎ ሲያጓራ ድምፁ ጠፋ። እኔው በሰጠኋቸው ፊውዝ ቀይረው ሌላው ቀጠለ፤ «ወደ ፊት!» ሲል ጠፋ። በመጨረሻ ወልደ የሱስ የእድሩን ማስታወቂያ ሊናገር ወጣ፤ በዚያ የሚያንቀላፋ ድምፁ ስለ መዋጮ ሲያወራ እስከ ጎሬ መንገድ ድረስ ጥርት ብሎ ተሰማ። ጠርተውኝ «ምንድን ነው የሠራኸው?» ቢሉኝ «ዕቃው ጩኸት አይችልም፤ አርጅቷል፣ እንደ እኔ» አልኳቸው። አንድ ቀን አውለው ለቀቁኝ። በየነች ምሳ ይዛ መጥታ ከጠባቂዎቹ ፊት «ይበልህ!» ብላኛለች።

ሳቅህን ከጨረስክ ወደ ቁም ነገሩ እንመለስ።

ትናንት ዜናው ሠራዊቱ ድንበሩን አልፎ ገባ አለ። ጠላት ከአገራችን ከወጣ ወር አልፎታል፤ ያንንም የነገረን ይኸው ሬዲዮ ነው። ታዲያ ማን ጠየቃችሁ? ማክሰኞ ተሰብስባችኋል፣ ሐሙስ ተሰብስባችኋል። ስለ ቆዳና ሌጦ ንግድ ተወያያችሁ ሲል ሰምቻለሁ። መሪው ከቢሯቸው እስከ አዳራሻችሁ ያለው መንገድ ከእኔ ሱቅ እስከ ሶር ወንዝ ያህል ይርቃል እንዴ? መጥተው «እንዲህ አስቤያለሁ፣ ምክንያቴ ይህ ነው» ለማለት ምን ከለከላቸው? ልክ ከሆኑ ታስረዱናላችሁ። ካልሆኑ ታስቆሟቸዋላችሁ። ከዚህ ሌላ ለምን መረጥናችሁ? ለቆዳው?

አያትህ ይነግሩን የነበረውን አስታውስ። በጥንቱ ዘመን አባ ዱላው፣ የጦሩ መሪ፣ በራሱ ፈቃድ ሰው አያስነሣም። መጀመሪያ ጨፌው፣ ሸንጎው፣ ሣሩ ላይ ይቀመጣል፤ ይነጋገራል፣ ይከራከራል፣ ይወስናል። ከዚያ ነው አባ ዱላው የሚነሣው። ጨፌው ሳይቀመጥ የተነሣ ጦር የዘራፊ ጦር ነው ይሉ ነበር። ዛሬ ምንጣፍ አላችሁ፣ ማይክሮፎን አላችሁ። አያትህ የነበራቸው ሣር ብቻ ነው።

ኮሚቴውን አትጠብቅ። በሌላ ጉዳይ ላይ ዕድል ሲሰጥህ ተነሥተህ ተናገር። የምትለው ቢጠፋህ የሳሊሐን በርበሬ ንገራቸው።

«ደህና ይሆናል» የሚለውን ደግሞ አልወደድኩትም። የታመመ ሬዲዮ ይዞ ለመጣ ሰው እኔም እንዲህ ነው የምለው፤ ክዳኑን ሳልከፍት።

የአብደታን ቴፕ ነካሁት፤ አትንገረው። ባትሪው ውስጡ አልቅሶ ብረቱን ሊበላው ነበር። አውጥቼ በአልኮል ጠረግሁለት። ሲመጣ አዲስ ባትሪ አስገባበታለሁ።

አጎትህ አራርሳ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 2 ቀን

ለተወደዱ ጋሼ አራርሳ፤

ይህን ያህል ዘግይቼ ስለጻፍኩ ይቅር ይበሉኝ።

ባለፈው ሐሙስ ተናገርኩ። አጀንዳው የመንገድ በጀት ነበር። ተነሥቼ «ስለ መንገድ ከመናገሬ በፊት ሠራዊቱ በማን ፈቃድ በየትኛው መንገድ እንደሄደ ይነገረን» አልኩ። ሥነ ሥርዓት ተባልኩ። አልተቀመጥኩም። የሳሊሐን በርበሬ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ጨረስኩ። ያቺ አሮጊት አባል ረቂቁ ዛሬውኑ በድምፅ ይወሰን ብለው አመለከቱ። ለመገላገል ያህል ይመስለኛል፣ ተፈቀደ።

ወደቀ። የደገፍነው አንድ ረድፍ እንኳ አንሞላም። እጄን ሳወጣ ከፊቴ አንድም እጅ አልነበረም ጋሼ። ብቻዋን ስትወጣ በጣም ትከብዳለች።

ለሚቀጥለው ምርጫ እንደማልቀርብ ከአሁኑ ተነግሮኛል። ይሁን።

ስለ አብደታ ለጠየቁኝ በደብዳቤ የምጽፈው የለኝም።

ጃንጥላውን እስካሁን አልላክሁም። እትዬ በየነችን ብቻዋን አይተዉአት። እርስዎም ራስዎን ይጠብቁልኝ።

ልጅዎ ደቅሲሳ


መቱ፣ መጋቢት 11 ቀን፣ ሲነጋጋ

ኢልመ ኮ፣ ውድ ደቅሲሳ፤

ደብዳቤህ ትናንት ማምሻውን ደረሰኝ። ዛሬ ከወፎቹ ቀድሜ ተነሥቼ እጽፍልሃለሁ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው። የበልግ ዝናብ እንደ አንተ ነው፤ ሳይነግር ይቀራል፣ ሳይነግር ይመጣል።

በመጀመሪያ አንድ የምሥራች። ንግግርህን ሬዲዮው አላስተላለፈውም። ስምህንም አልጠራም። ነገር ግን ያን ሐሙስ ማታ ዜናው ምን እንዳለ ታውቃለህ? «ረቂቁ በአብላጫ ድምፅ ውድቅ ሆነ» አለ። በአብላጫ ድምፅ! «በሙሉ ድምፅ» አላለም። ሱቄ ውስጥ ካሉት ሬዲዮዎች ሁሉ አፍ አንድ ጊዜ ወጣ። ያን ጊዜ ምክንያቱን አላወቅኩም ነበር፤ አሁን ደብዳቤህን ሳነብ ገባኝ። ያ ሙሉ የነበረው ድምፅ የጎደለው በአንተ እጅና በዚያች በአሮጊቷ እጅ ነው። ወልደ የሱስን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ ልነግረው ነበር፤ ዝናቡ ከለከለኝ። ለምን እንደከለከለኝ ታውቃለህ፤ ጃንጥላ የለኝም።

ቢሆንም ቁጣዬ አልበረደም። ተሸንፋችኋል፣ ተሸንፈናል። እንግዲህ መሪው ነገ ሌላ ድንበር ቢያምራቸው የሚጠይቃቸው የለም ማለት ነው? እጃቸውን ያላወጡት እነዚያ የተከበሩት ሁሉ ልጅ የላቸውም? ወይስ ልጆቻቸው ሌላ ጦር ሠራዊት አላቸው? እኔ አገሬን የምጠላ ሰው አይደለሁም። ልጄ ሲሄድ አላስቀረሁትም፤ በደሌ ድረስ ሸኝቼው፣ ቆሎ አስይዤው ነው የተመለስኩት። ድንበሩን ሊጠብቅ ነው የሰጠሁት። ከድንበሩ ወዲያ አልሰጠሁትም። ከዚያ ወዲያ የሚወስደው ሰው ተመልሶ ሊጠይቀኝ ይገባ ነበር፤ እኔን ባይጠይቅ አንተን፣ አንተን የመረጥኩህ ለዚሁ ነውና። አንድ በሬ ለእርሻ የተዋሰ ሰው እንኳ ወደ ሌላ መንደር ሊነዳው ሲል ባለቤቱን ይጠይቃል።

ረቂቁን ደግማችሁ አምጡት። በሚቀጥለው ዓመት አንተ ባትኖር አሮጊቷ ያምጡት። የኛን የእድር አንቀጽ ጨምሩበት፤ ያችን ካነበቡ ሁለተኛ ማንም በችኮላ እጁን አያወጣም። የሌላውን ሰው በር በገዛ እጁ የሚያንኳኳ መሆኑን ያወቀ ሰው አስቦ ነው የሚያነሣት።

ስለ አብደታ በደብዳቤ የምጽፈው የለኝም ትላለህ። ምን ማለት ነው? አላገኘኸውም ማለት ነው እንጂ! እንደዚያ ብለህ አትጽፍም? ከልጅነትህ ጀምሮ ግማሹን ተናግረህ ግማሹን ትውጣለህ። በየነችን ብቻዋን አይተዉአት ብለሃል ደግሞ። ማን ትቷት ያውቃል? ይኸው እሳት ልታያይዝ ተነሥታለች፤ እንጨቱ ረጥቦ ስታማው እሰማለሁ። «ለማን ነው በጨለማ የምትጽፈው?» አለችኝ። «ለጃንጥላ ሌባው» አልኳት። «ልጄን መቼ ነው የሚያፈላልግልኝ በለው» ብላለች። ይኸው ብዬሃለሁ።

ውሻው ጮኸ። በዚህ ዝናብ ማን ይመጣል? ቆይ፣ በመስኮቱ ልይ።

ወልደ የሱስ ነው፣ አጥሩ በር ላይ። እንዲያውም ልቀሰቅሰው የነበረው ሰው ራሱ መጣ። ከጎኑ መሀመድ ሰዒድ አለ። ከኡካ በዚህ ሰዓት ምን አመጣው? የት አደረ? ከኋላቸው ሌሎችም አሉ። አንድ ረጅም ሰው መሀላቸው… ጃንጥላዬን ይዟል! እጀታው ላይ ያለውን ሽቦ ከዚህ ለየሁት።

አንተ ነህ! ደብዳቤውን ሳልጨርስ ራስህ መጣህ! በየነች እሳቱ ዳር ናት፤ ስታይህ ምን ትሆን ይሆን።

ሁላችሁም ነጠላ ለብሳችኋል። ጥለቱ በትከሻችሁ በኩል ነው።

ደቅሲሳ፣ ዝናቡ እየወረደብህ ነው። ለምን አጥፈህ ትይዘዋለህ? ጃንጥላውን ዘርጋው እንጂ። ዘርጋው፣ ኢልመ ኮ። ዘርጋው